«ሁለታችሁ ተካፈሉ»

ሁለቱ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሹፌሩ ጉልምስናቸውን በሙሉ የታክሲ መሪ ላይ አሳልፈው አሁን ቤት የዋሉ አባት ናቸው። ተማሪዋ ሕንፃ ኮሌጅ የከተማ ፕላን ታጠናለች፤ የመመረቂያ ጥናቷ ስለ አዲስ አበባ እግረኛ ነው። መስመር ያለበት ደብተር ይዛ እሳቸው በር ላይ ተቀምጣለች።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አማካሪዬ «ሰው ሳያስበው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ካርታ ላይ አውጪ» አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?

ሹፌሩ፦ ከታክሲ ሂሳብ ነዋ! ሁለት ሰው 50፣ 50 ብር ይሰጣል። ለእያንዳንዳቸው 25 ብር መመለስ አለበት፤ ረዳቱ ግን ዝርዝር የለውም። አንዲት ድፍን 50 ያወጣና ለአንደኛው አስጨብጦ «ሁለታችሁ ተካፈሉ» ይላል። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አይተዋወቁም። አንዱ ለትምህርት ከባሌ የመጣ ልጅ ይሆናል፣ ሌላዋ ሥራ የረፈደባት ነርስ ትሆናለች። አሁን አብረው ሱቅ መፈለግ አለባቸው። ባለሱቁ ካልገዛችሁ አልዘረዝርም ይላቸዋል። ማስቲካ ይገዛሉ፤ ማስቲካውንም ይካፈላሉ። «ተይው፣ አንቺ ያዢው» ብሎ የሚሄድ አለ፤ «ኧረ አይሆንም፣ ና እዚያ ጋ እንሞክር» ብላ የምትጎትት አለች። እኔ በመስታወት አያቸው ነበር። ጥግ ላይ ቆመው ብሩን መሃላቸው ይዘው ሲነጋገሩ።

ተማሪዋ፦ እኔ እኮ ያንን ሁልጊዜ እንደ በደል ነው የማየው። ረዳቱ የራሱን ችግር ለተሳፋሪው አስረክቦ መሄዱ ነው።

ሹፌሩ፦ በደልማ ነው። ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ሰው የት እንደሚገናኝ ነው። ሰው ከመሬት ተነሥቶ የማያውቀውን ሰው አያናግርም፤ እንዲያውም ነውር ይመስለዋል። ሰበብ ይፈልጋል። የኛ ከተማ ደግሞ ሰበብ ሞልቷታል፤ ዝርዝር ማጣት፣ ዝናብ፣ ሰልፍ፣ መንገድ መጠየቅ፣ የመብራት መጥፋት።

ተማሪዋ፦ ልጻፈው። አሁን እኮ አብዛኛው ወጣት በስልኩ ነው የሚከፍለው። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በጥሬው ከሚከፍሉትም መሃል መልስ ሲጠፋ «ቁጥርህን ስጠኝ፣ እልክልሃለሁ» የሚባባሉ አሉ።

ሹፌሩ፦ ጥሩ ነው፤ ተሳፋሪም አይጉላላም፣ ረዳትም አይሰደብም። እኔ ቴሌብር ይቅር አልልም። ግን አንድ ሰበብ መሄዱን ጻፊው። ሲሄድ የሚያለቅስለት ስለሌለ መሄዱ አይታወቅም።

ተማሪዋ፦ እርስዎ ከሚኒባሱ በፊት ውይይት ታክሲ ላይ ረዳት ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሹፌሩ፦ አዎ፣ ልጅ ሆኜ። ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ። ዓይንሽን የምታሳርፊበት ሌላ ቦታ የለም፤ ወይ የሰውየው ፊት ወይ የራስሽ ጫማ። አንዱ ሲያስነጥሰው ሁሉም «ይማርህ» ይላል። በደርግ ጊዜ ስለ መንግሥት አይወራም፤ ስለ ስኳር ሰልፍ ግን ይወራል፣ ስለ ልጅ ሕመም ይወራል። ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊ ስላለ የመጨረሻዋን ታክሲ ያገኘ ሁሉ የዘመድ ያህል ይተሳሰባል። ሴት ካለች መጀመሪያ እሷን ነው ቤቷ ደጃፍ የምናደርሰው። በኋላ ሚኒባሱ ሲበዛ ሰው ሁሉ ወደፊት ማየት ጀመረ፤ የምታይው የፊተኛውን ማጅራት ነው። ሆኖም ሚኒባሱም የራሱ ነገር አለው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራተኛው ይገባል፣ ሂሳብ ከኋላ ወደፊት በሰው እጅ ይተላለፋል። የማታውቂው ሰው ገንዘብሽን ተቀብሎ ለሌላ የማታውቂው ያቀብልልሻል። እኔ ብር ጠፋ ሲባል የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ተማሪዋ፦ መስመርዎ የት ነበር?

ሹፌሩ፦ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ። ከተማውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያንን መንገድ ይመላለስበት። ከታች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይሳፈራል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ፣ የአማርኛው ቅላጼ የትውልድ ቦታውን የሚናገርለት። ከፍ ስትይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ፤ ኮት የለበሰ፣ ፎልደር ያቀፈ ቪዛ ጠያቂ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች፣ ጥለት የምትመርጥ ሙሽራ ከእናቷ ጋር። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ንጋት ላይ ለልምምድ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሯጮች አሉ፣ ጠበል የሚሄድ በሽተኛ አለ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚኖርበት ዓለም ለየቅል ነው፤ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ግን 12 ሰው ሆኖ ይቀመጣል።

ተማሪዋ፦ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ የማይረሳዎት አለ?

ሹፌሩ፦ አለ። አንድ ልጅ ከኤምባሲው በር ላይ ተሳፈረ፤ ወደ ታች እየወረድን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እጅጌው ላይ የካውያው መስመር ገና አልጠፋም። ፎልደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን በጥፍሩ ይልጠዋል፣ ይልጠዋል፤ የተላጠው ወረቀት ሱሪው ላይ ይረግፋል። አጠገቡ ሽሮ ሜዳ ልቃቂት ሸጠው የሚመለሱ እናት ተቀምጠዋል። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲለው ልጁ አልሰማም። ደግሞ ሲጠይቀው እናትየው መቀነታቸውን ፈትተው «የሱንም ከዚህ ቁረጥ» አሉ። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁትም። ሱሪው ላይ የረገፈውን ወረቀት በመዳፋቸው እየጠረጉ እስከ ስድስት ኪሎ ሄዱ። ሲወርዱ «እግዜር ያውቃል» አሉት፣ አለቀ። ልጁ ከወረዱ በኋላ ነው አንገቱን አዙሮ በመስኮቱ የፈለጋቸው።

ተማሪዋ፦ ... ቪዛው ምን እንደሆነ አላወቁም ማለት ነው።

ሹፌሩ፦ ከየት አውቄ! እሳቸውስ ከየት ያውቁታል? ቪዛ ይሁን ለቅሶ ይሁን አላወቁም። የቤተሰብ ሰው ቢሆን «ምን አሉህ? ለምን?» እያለ ያፋጥጠው ነበር። የማያውቁት ሰው የሚያደርገውን ዘመድ አንዳንዴ ማድረግ አይችልም።

ተማሪዋ፦ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልናገር። እርስዎ የሚነግሩኝን ስሰማ መንገዱ ሁሉ እናትና ልጅ የሚገናኙበት ይመስላል። ለሴት ልጅ ደግሞ «ሳያስቡት መገናኘት» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላት ለከፋ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ከማላውቀው ወንድ ጋር የተነጋገርኩት አብዛኛው ነገር እሱ ተናግሮ እኔ ዝም ብዬ ያለፍኩት ነው። እጄን የሚይዝ አለ። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በሉ» ሲባል የሚጠጋበት ሌላ ምክንያት ያለው ሰው አለ። ይሄንን ካርታው ላይ ካላስገባሁ ግማሹን ከተማ ነው የምተወው።

ሹፌሩ፦ ልክ ነሽ። አስገቢው። እኔም በመስታወት አይቼ መኪና አቁሜ ያወረድኩት ሰው አለ። ግን ልጠይቅሽ፤ ለከፋው የሚብስብሽ የት ነው?

ተማሪዋ፦ ረጅም አጥር ባለበት። ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ወይ የግንብ አጥር ብቻ የሆነ መንገድ ላይ እሮጣለሁ ማለት ይቻላል። ሱቅ ባለበት፣ ጀበና የጣደች ሴት ባለችበት፣ ሊስትሮዎች በተደረደሩበት ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። የኛ ሰፈር መታጠፊያ ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋን ያውቋታል? አንድ ማታ አንዱ ሲከተለኝ አይታ «ምነው ዘገየሽ፣ እናትሽ ስትፈልግሽ ነበር!» ብላ ጮኸች። እናቴን አታውቃትም። ሰውየው ተመለሰ።

ሹፌሩ፦ በይ እንግዲህ! ለኔ መገናኛ የሆነው ቦታ ላንቺ ጥበቃ ነው። ያው አንድ ቦታ ነው።

ተማሪዋ፦ ጄን ጄኮብስ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመችው መጽሐፍ አለ፤ ትምህርት ቤት ሁላችንም እንድናነበው ያደርጉናል። መንገድን ደኅና የሚያደርገው ፖሊስ ብቻ አይደለም፣ ሱቁን ከፍቶ መንገዱን የሚያይ ሰው ነው ትላለች። የጻፈችው ስለ ኒውዮርክ ነው። እኔ ግን ሳነበው የታየችኝ በቆሎ ጠባሿ ናት። ዕቅድ ስናወጣ እሷን «ሕገ ወጥ ንግድ» ብለን ነው የምናጠፋት፤ የምትሠራው ሁለተኛው ሥራ በየትኛውም ሰነድ ላይ አልተጻፈም።

ሹፌሩ፦ ሁለተኛ ብቻ? አድራሻ የሚጠየቀው እሷን ነው። ቁልፍ የሚቀመጠው እሷ ጋ ነው። የማን ቤት ይከራያል፣ ማን ሠራተኛ ይፈልጋል፣ እሷ ታውቃለች።

ተማሪዋ፦ ስለ ሥራ ካነሡ፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ጽሑፍ አለ። ሰው አዲስ የሥራ ወሬ የሚሰማው ከልብ ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያየው ሰው ነው ይላል፤ ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሹፌሩ፦ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ያየሁት ነው። ጋዜጣ በኪራይ በሚነበብበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተደርድረው አንዱን ጋዜጣ እየተቀባበሉ ክፍት የሥራ ቦታ ይፈልጋሉ። ለአንድ ቦታ የሚወዳደሩ ሰዎች እኮ ናቸው! «አንተ አካውንቲንግ አይደለህም? ይኸው ያንተ» ብሎ ጣቱን ያሳየዋል፤ ስሙን ሳይጠይቀው።

ተማሪዋ፦ አሁን ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው።

ሹፌሩ፦ ያው ነው። ቶሎ ይደርሳል። ጣቱን የሚያሳይሽ የለም እንጂ።

ተማሪዋ፦ ዝናብን አንሥተው ነበር፤ እሱን ላንሣ፣ ምክንያቱም የጥናቴ ዋና ነገር እየሆነ ነው። ሐምሌ ላይ ፒያሳ ዝናብ ያዘኝ። አሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች ፊታቸው በረንዳ አላቸው፣ ወይም ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ክፈፍ ሠርቷል። እዚያ ሥር ወደ ሃያ ሰው ተጠለልን። ኮፍያውን የሚያራግፍ ሽማግሌ፣ ሶፍት የሚያዞር ልጅ፣ ከቦሌ ሚካኤል የመጡ ሁለት ሶማሌ እህትማማቾች፣ ለጥምቀተ ክርስቲያን ነጭ የለበሱ ቤተሰቦች ከነሕፃኑ። ሶማሌዎቹ ጎርፉ እንዳይረጨው ብለው ሕፃኑን ወደ ግድግዳው አስጠጉላቸው፤ የታላቅየዋን ሻርፕ ላዩ ላይ አደረጉበት። ሶፍት ሻጩ የሕፃኑን ስም ጠየቀ። ሽማግሌው ዝናቡ በስንት ደቂቃ እንደሚያባራ ተናገሩ፣ ሌላው ተከራከራቸው። መንገዱን ተሻግሮ ደግሞ አዲስ ባለ መስታወት ሕንፃ አለ። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው፤ ክፈፍ የለውም። እዚያ ጋ ማንም አልቆመም። ውስጡ ለመግባት ደግሞ ፍተሻ አለ።

ሹፌሩ፦ አየሽ! አንዲት ክፈፍ ናት።

ተማሪዋ፦ እሷ ናት። ለካሁት፤ አሮጌው በረንዳ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሦስተኛ ሰው ሊያልፍበት ይበቃል። ይሄ ንድፍ ላይ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሀብትም አይጠይቅም። ለዚህ ነው የተናደድኩት። ሰው «የድሮ ፍቅር ጠፋ፣ ሰው ተለወጠ» ሲል እሰማለሁ። ሰው አልተለወጠም። መቆሚያው ነው የተወሰደው።

ሹፌሩ፦ መቆሚያው መጀመሪያም ሆን ተብሎ የተሠራ አልነበረም እኮ። ከተማዋ ስትቆረቆር ለመኳንንቱ ሰፈር ሲሰጣቸው ጌታው መሃል፣ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ባለሙያው ዙሪያውን ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እንዲያ ነው የተቆረቆሩት። ባለጸጋና ድኻ አጥር ለአጥር። ባዳውም እንደዚያው፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኒው ፒያሳ ዙሪያ ከሀገሬው ጋር ተቀላቅሎ ኖረ። ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ እኮ «አረብ ቤት» እንለው ነበር።

ተማሪዋ፦ ጣሊያኖቹ ከ1928 እስከ 1933 በቆዩበት ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን ለይተው ሊያኖሩ ፕላን አውጥተው ነበር፤ ገበያውንም ከጊዮርጊስ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ የወሰዱት ለዚያ ነው። ለመለያየት ያቋቋሙት ቦታ በኋላ ከሁሉም ይበልጥ የተቀላቀለ ሆነ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤት ናቸው። ዓርብ ቀትር ላይ ሄጄ ቆሜያለሁ፤ ሰጋጁ አስፋልቱ ላይ ሲያነጥፍ የራጉኤል ተሳላሚ የሰጋጁን ጫማ እንዳይረግጥ ዳር ዳሩን ይዞ ያልፋል። ማንም አላዘዘውም።

ሹፌሩ፦ ግን ሁሉንም ጥሩ አታድርጊው። እነዚያ ሰፈሮች ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀም ነበር። የቀበሌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት እልል ያላለች እናት አላየሁም፤ ማንስ ይፈርድባታል?

ተማሪዋ፦ አልፈርድም። እንዲያውም ኮንዶሚኒየም በዕጣ ስለሚሰጥ ሰው በመቀላቀል የሚስተካከለው የለም፤ ከየሰፈሩ፣ ከየብሔሩ፣ ከየሃይማኖቱ አንድ ደረጃ ላይ ይወጣል። ለሠርጉም ለለቅሶውም ተብሎ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አብሮ ታቅዷል። የጎደለው ከደረጃው እስከ ታክሲው ድረስ ያለው ነው። በየብሎኩ መሃል ያለው ሜዳ ላይ ጥላም፣ መቀመጫም የለም። ያላቸው ሰፈሮች ነዋሪው ራሱ ዛፍ ተክሎ፣ አግዳሚ አቁሞ ያበጃቸው ናቸው።

ሹፌሩ፦ በኮሪደር ልማት የተሠራውን መንገድስ ምን ትያለሽ? አማካሪዎችሽ ምን ይላሉ?

ተማሪዋ፦ እርስዎ ይቅደሙ።

ሹፌሩ፦ የፒያሳዎቹ ሰፈሮች ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በ2016 ሲፈርሱ እኔ ያደግኩበት ግማሹ ሄደ፤ እዚያ የነበሩ ሰዎች ዛሬ የከተማው ዳር ላይ ናቸው፣ ለለቅሶ እንኳ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ይሄ ያሳዝነኛል፣ አልደብቅሽም። ደግሞ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ማታ ወጥቼ በእግሬ ሄጃለሁ። መብራቱ ደምቋል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው። ልጆች በብስክሌት ይሄዳሉ። የመንገድ አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ በድሮው ጠባብ መንገድ ከመኪና ጋር እየተጋፉ የሚሄዱ የነበሩ ሽማግሌዎች። ሁለቱንም ጻፊ። ግን የተቀመጠው ሰው አብሮት ከመጣው ሰው ጋር ብቻ ነው የሚያወራው። ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል።

ተማሪዋ፦ ለምን ይመስልዎታል?

ሹፌሩ፦ የሚሸጥ የለማ! ቆሎ የለም፣ ጀበና የለም፣ ሊስትሮ የለም። አግዳሚ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጫማሽን ስታስጠርጊ አጠገብሽ ያለውም ያስጠርጋል፤ እግራችሁ በሁለት ሳጥን ላይ ነው፣ መሄድ አትችሉም። ያኔ ነው ወሬ የሚመጣው።

ተማሪዋ፦ እኔም ወደዚያው ነው የምሄደው። ፕላኑ ላይ በየ 100 ሜትሩ ለአንዲት ቡና ሻጭና ለሁለት ሊስትሮ ቦታ ብንሰጥ፣ ውኃና የቆሻሻ መጣያ ብናዘጋጅ፣ ንጽሕናውም አይበላሽም፣ ሰዎቹም ከደንብ አስከባሪ ሲሸሹ አይውሉም። ይህንን እንደ ሐሳብ ላቀርብ ነው። አማካሪዬ ግን «በቁጥር አሳዪኝ» ነው የሚሉት። የሚተላለፈውን እግረኛ መቁጠር ቀላል ነው፤ መገናኘትን እንዴት ልቁጠር?

ሹፌሩ፦ የሚያልፈውን ተዪው። የሚቆመውን ጻፊ። ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ምን ያህል ጊዜ ቆመ፣ በምን ሰበብ። ሰበቡን የግድ ጻፊው፤ ዝርዝር፣ ዝናብ፣ ሰልፍ፣ ሸክም ማውረድ። የት ሄደሽ እንደምትጽፊ ልንገርሽ? መገናኛ። ማታ የታክሲው ሰልፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሲሆን። ሰው እኮ ተራውን ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ ውኃ ሊገዛ ይሄዳል፤ ሲመለስም ቦታው ይጠብቀዋል።

ተማሪዋ፦ ደብተር ይዤ ስቆም ሰው ይሸሸኛል፤ የመንግሥት ሰው እመስላቸዋለሁ።

ሹፌሩ፦ ተራ አስከባሪዎቹ ካወቁሽ ማንም አይሸሽሽም። አንደኛው የኔ ረዳት ነበር፣ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። ቁጥሩ አለኝ። ነገ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች ብዬ ልንገረው?

ተማሪዋ፦ ይንገሩት። ክፍል 11 ሰዓት ነው የምጨርሰው፤ ከልደታ በባቡር ቀጥታ መገናኛ። ትንሽ ብዘገይ ይጠብቀኝ በሉት።